የቆዩ የኤሌክትሪክና የሳይንስ መሣሪያዎችን ማሰባሰብ

የቆዩ የኤሌክትሪክና የሳይንስ መሣሪያዎችን ማሰባሰብ ከአገልግሎት የወጡ የመለኪያ፣ የመመዝገቢያ፣ የመገናኛና የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን የመፈለግ፣ የመለየት፣ የመመዝገብና ጠብቆ የማቆየት ሥራ ነው። ግለሰቦች እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይሠሩታል፤ ሙዚየሞችና ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ እንደ ቅርስ ጥበቃ ይይዙታል። ከሚሰበሰቡት መካከል ጋልቫኖሜትር፣ የላይደን ማሰሮ፣ የሞርስ ቴሌግራፍ፣ እጀታው የሚዞር ስልክ፣ የቫኩም ቱቦ ራዲዮ፣ ቴዎዶላይት፣ ባሮሜትር፣ የወርቅ ሚዛንና የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ይገኙበታል።

እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በተጓዦች፣ በቤተ መንግሥት፣ በምድር ባቡር፣ በስልክና በራዲዮ፣ በትምህርት ተቋማትና በወንዝ ጥናቶች በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ብዙዎቹ አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ በውስጣቸው ላለው መዳብና ናስ ብቻ ተፈልገው ስለሚፈርሱ፣ በአገር ውስጥ የቀሩትን መዝግቦ ማቆየት የዘርፉ ዋና ጉዳይ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» የተባሉት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» የተባሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪክ በዓለም

በአውሮፓ ነገሥታትና ባለጸጎች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የከዋክብት መለኪያዎችን፣ ሰዓቶችንና ማጉያ መነጽሮችን በልዩ ክፍል ያስቀምጡ ነበር። ፍሎረንስ የሚገኘው የጋሊልዮ ሙዚየም የሜዲቺ ቤተሰብ ከሰበሰባቸው ዕቃዎች ተነሥቶ ያደገ ሲሆን፣ ጋሊልዮ የሠራቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ዛሬም በዚያ ይታያሉ።

የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የተስፋፉት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1745 እና በ1746 በጀርመንና በሆላንድ የተገኘው የላይደን ማሰሮ የኤሌክትሪክ ቻርጅን ለማጠራቀም የመጀመሪያው ዕቃ ሆነ። በሆላንድ ሃርለም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1784 የተከፈተው የቴይለር ሙዚየም በዚያው ዓመት የተሠራውን ትልቅ የስታቲክ ኤሌክትሪክ ማመንጫ እስከ ዛሬ ይዟል፤ የመሣሪያው ሁለት የመስታወት ክቦች እያንዳንዳቸው 1.65 ሜትር ስፋት አላቸው። ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ካስታወቀ፣ ኧርስቴድም እ.ኤ.አ. በ1820 የኤሌክትሪክ ፍሰት የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር ካሳየ በኋላ ጋልቫኖሜትርና ቴሌግራፍ ተከተሉ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሰባሳቢዎች በማኅበር መደራጀት ጀመሩ። በአሜሪካ የቆዩ ራዲዮዎች አሰባሳቢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1952፣ በብሪታንያ ደግሞ የሳይንስ መሣሪያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1983 ተመሠርተዋል።

መሣሪያዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የገቡበት መንገድ

ተጓዦችና ካርታ ሠሪዎች

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ሲደርስ ቴሌስኮፖችና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ ትልቅ ኳድራንት ይዞ ነበር። ኳድራንቱ የታራንታን ተራራ የወጣው በሰው ሸክም ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ የለካው በእነዚህ መሣሪያዎች ነበር።

ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በሰሜንና በምዕራብ ኢትዮጵያ እየተዘዋወረ በቴዎዶላይት ከተራራ ወደ ተራራ በማነጣጠር አገሩን ለካ። ውጤቱን ስለ ኢትዮጵያ ጂኦዴሲ በጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 አሳተመ። በኋላ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በሃንዳይ ከተማ አጠገብ ያሠራው ቤተ መንግሥት በኢትዮጵያ ሥዕሎችና በግዕዝ ፊደል ጽሑፎች የተጌጠ ነው። በውስጡ ያለው የከዋክብት መመልከቻ ከመለኪያ ቴሌስኮፑ ጋር ለጎብኚዎች ክፍት ነው። ቤቱ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ንብረት ነው።

ቴሌፎን፣ ፎኖግራፍና መብራት

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዳዲስ መሣሪያዎች በብዛት ገቡ። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የስልክ መስመር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ኢትዮ ቴሌኮም የምሥረታውን ዘመን ከዚህ ይቆጥራል። የዘመኑ ስልክ የራሱ ባትሪና በእጅ የሚዞር ማግኔቶ ነበረው። ደዋዩ እጀታውን ሲያዞር ማግኔቶው ኤሌክትሪክ አመንጭቶ በሌላኛው ጫፍ ያለውን ደወል ይመታል፤ ንግግሩ ግን በባትሪው ኃይል ይተላለፋል። ይህ ዓይነቱ ስልክ ማዕከላዊ የኃይል ምንጭ ስለማይፈልግ በባቡር ጣቢያዎችና በገጠር ከተሞች ለረጅም ጊዜ አገልግሏል።

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት መልእክት በፎኖግራፍ ሲሊንደር የተቀረጸ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቆመው ካዳመጡት በኋላ መድፍ ተተኩሷል። ንግሥቲቱ አስቀድመው ባዘዙት መሠረትም ሲሊንደሩ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተደርጓል። ማጫወቻው ቢገኝ እንኳ ያን ድምፅ መልሶ መስማት አይቻልም።

የኤሌክትሪክ መብራትም በዚሁ ዘመን መጣ። የመጀመሪያው ጄኔሬተር ለቤተ መንግሥቱ መብራት የገባው እ.ኤ.አ. በ1898 አካባቢ እንደሆነ ይነገራል፤ በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ከዚያ በኋላ በአባ ሳሙኤል የተሠራው 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሶ ሥራ ጀምሯል።

ራዲዮና የጽሕፈት መኪና

የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ጥር 23 ቀን 1927 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ። ከጦርነቱ በኋላ በከተማ ቤቶች፣ በቡና ቤቶችና በትምህርት ቤቶች የታዩት ራዲዮዎች ብዙዎቹ በቫኩም ቱቦ የሚሠሩ፣ ሣጥናቸው ከእንጨት ወይም ከባክላይት የሆነ የአውሮፓ ሥሪቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ ሲያስገኝ ቱቦዎቹ ቦታቸውን ለቀቁ።

ኢንጂነር አያና ብሩ በፈር ቀዳጅነት የሚታወቁበት የአማርኛ የጽሕፈት መኪናም በአሰባሳቢዎች ዘንድ ከዚህ ዘርፍ ጋር አብሮ ይቆጠራል። ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደል በጥቂት ቁልፎች ለመጻፍ የቅጥያ ምልክቶችን ከፊደሉ አካል መለየት አስፈልጓል። ይኸው ችግር በኋላ በኮምፒውተር የቁልፍ ሰሌዳ ላይ እንደገና ስለገጠመ፣ መኪናው በአማርኛ የኮምፒውተር ታሪክ ውስጥም ቦታ አለው።

የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ መሥራቹ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። አዲስ አበባ ለመሬት ማግኔታዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ በዚያ የሚደረገው የማግኔት ልኬት በዓለም ተፈላጊ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎቹም የስምጥ ሸለቆን እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ አስቀርተዋል። አባ ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘውን መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል።

የመሣሪያ ጥበቃ ከናፍቆት ያለፈ ጥቅም እንዳለው ይህ ጣቢያ በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰርዶን ያፈረሰውን ዓይነት መንቀጥቀጥ በዛሬ ስሌት መልሶ ለመመርመር የቆየው ወረቀት ብቻውን አይበቃም። መሣሪያው እንቅስቃሴውን ስንት ጊዜ አጉልቶ ይመዘግብ እንደነበር፣ ፔንዱለሙ በስንት ሰከንድ ይወዛወዝ እንደነበርና ሰዓቱ ምን ያህል ይዛነፍ እንደነበር መታወቅ አለበት። መሣሪያው ወይም የመለኪያ ሰነዱ ከጠፋ በወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ወደ ቁጥር የሚለወጥበት መንገድ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከታተለው መንቀጥቀጥ የቆዩ መዛግብትን ተፈላጊነት እንደገና አሳይቷል።

በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ

በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማው አሶሳ ነው። በክልሉ ለዚህ ዘርፍ የሚሆኑ ዕቃዎች ከአራት ምንጮች ጋር ይያያዛሉ፦ ከወርቅ ንግድ፣ ከጦርነት፣ ከዓባይ ጥናትና ከልማት ፕሮጀክቶች።

የወርቅ ሚዛን፦ አካባቢው ከጥንት ጀምሮ በወርቅ የታወቀ ነው። ሩሲያዊው የማዕድን መሐንዲስ የጎር ኮቫሌቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1847 እና በ1848 ለግብፁ ገዥ ለመሐመድ ዓሊ ወርቅ ፍለጋ ወደ ቱማት ወንዝ አካባቢ መጥቶ ነበር። ወርቅ በወቄት ይመዘን ነበር፤ አንድ ወቄት 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ብሩ ራሱ እንደ ሚዛን ድንጋይ ያገለግል ነበር። ሁለት ሳህን ያላት ትንሽ የእጅ ሚዛንና የክብደት ድንጋዮቿ ከሳይንስ መሣሪያዎች ሁሉ በክልሉ ረጅም ታሪክ ያላት ናት። አሰባሳቢ እንዲህ ያለችውን ሚዛን ሲያገኝ ድንጋዮቹን ከሚዛኗ መለየት አይገባውም፤ የአካባቢውን መለኪያ ወደ ግራም ለመመለስ የሚያስችሉት ድንጋዮቹ ናቸውና።

የጦርነት ዘመን ዕቃዎች፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ አገራቸው የተመለሱት በኦሜድላ በኩል ነው። አሶሳን ደግሞ ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣው ጦር መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ ያዘ። የጦር ሜዳ ስልክ፣ የራዲዮ መሣሪያና ኮምፓስ የዚያ ዘመን ሠራዊቶች መደበኛ ዕቃዎች ነበሩ። ከጦር ሜዳ የሚገኝ ማንኛውም ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ግን ፈንጂ ሊሆን ስለሚችል ሳይነኩ ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የዓባይ መለኪያዎች፦ የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓባይን ተፋሰስ ሲያጠና በድንበሩ አቅራቢያ ለግድብ የሚሆን ቦታ ለይቶ ነበር። በዚያ ዘመን የወንዝ ልኬት በሁለት ቀላል ዕቃዎች ላይ ይመሠረት ነበር። አንደኛው በወንዙ ዳር የሚተከለው የውኃ ከፍታ ማንበቢያ በትር ነው። ሁለተኛው በገመድ ወደ ውኃ የሚወርደው የፍጥነት መለኪያ ሲሆን፣ በውስጡ የሚሽከረከሩት ኩባያዎች በዞሩ ቁጥር በኤሌክትሪክ ማገናኛ አማካይነት በአድማጩ ጆሮ ማዳመጫ ላይ «ጠቅ» ይላሉ። ሠራተኛው ጠቅታውን በሰዓት እየቆጠረ ፍጥነቱን ያሰላል፤ ፍጥነቱን በወንዙ ስፋትና ጥልቀት አባዝቶም በሰከንድ የሚያልፈውን ውኃ ያገኛል።

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዚያው ክልል በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅምና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ አለው። የዓባይን ፍሰት በሚመለከቱ ስሌቶችና ክርክሮች ሁሉ ከሚጠቀሱት አኃዞች የቆዩት የተገኙት በበትርና በጠቅታ ነው። ይህም እነዚህን ተራ የሚመስሉ ዕቃዎች ከግድቡ ታሪክ ጋር ያስተሳስራቸዋል።

የጣና በለስ ፕሮጀክት፦ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በፓዊ የሰፈሩትን ሰዎች ለመደገፍ በጣሊያን ዕርዳታ በተሠራው በዚህ ፕሮጀክት ሆስፒታል፣ ወርክሾፕና የግብርና ማሽኖች ገብተው ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ፤ ብዙ ንብረትም ተበታተነ። በአንድ ወቅት በአንድ ቦታ የነበረ መሣሪያ ዝርዝሩ ሳይያዝ ሲበተን ከየት እንደመጣ ማወቅ እንዴት እንደሚያስቸግር ፕሮጀክቱ ምሳሌ ነው።

የመጥፋት ምክንያቶች

በኢትዮጵያ የቆየ መሣሪያ ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ በብዛት የሚያልፈው በንብረት ማስወገድ ጨረታ ነው። ጨረታው ዕቃውን በኪሎ ወይም በጅምላ ስለሚሸጥ፣ የመቶ ዓመት ጋልቫኖሜትርና የተሰበረ ወንበር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። ከግለሰብ ቤት የሚወጣውን ቁራሌው ይወስደዋል። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራ የእንዲህ ያለ ዕቃ ትልቁ መገናኛ ነው፤ የመጣው ዕቃ እንደገና የሚሸጠው፣ የሚጠገነው ወይም ለብረት የሚፈርሰው እዚያ ነው። በዚህ ምክንያት ምናለሽ ተራ ለመሣሪያዎቹ የመጨረሻ መጥፊያም፣ ለአሰባሳቢዎች ዋና መገኛም ሆኗል።

ሌላው ምክንያት ሜርኩሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የያዙ ቴርሞሜትሮችና ባሮሜትሮች እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ወስኗል። በመሆኑም የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች የቆዩ መሣሪያዎቻቸውን በዲጂታል ይተካሉ። ሜርኩሪ የሌለው የፀሐይ ብርሃን መመዝገቢያም አብሮ ሊወገድ ይችላል፤ ይህ መሣሪያ የፀሐይን ጨረር በመስታወት ኳስ ሰብስቦ ካርድ ላይ የቃጠሎ መስመር በመተው ፀሐይ የወጣችበትን ሰዓት ርዝመት ያሳያል።

አመዘጋገብና አያያዝ

በሙዚየሞች አሠራር መሣሪያ ከመጽዳቱና ከመጠገኑ በፊት ይመዘገባል። መዝገቡ ቢያንስ የሚከተሉትን ይይዛል፦

• የመሣሪያው ስምና ሥራ፤
• የሠሪው ስም፣ ከተማና ተከታታይ ቁጥር፣ ከተለጠፈው ሰሌዳ በቀጥታ የተገለበጠ፤
• ያገለገለበት ቦታና ዘመን፣ ከማን እንደተገኘ፤
• አብረውት የነበሩ ሣጥን፣ ገመድ፣ የመለኪያ ወረቀትና መመሪያ፤
• ከሁሉም አቅጣጫ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ መጠንና ክብደት።

ናስን አንጽቶ ማብረቅ ልማድ ቢሆንም በመለኪያ መሣሪያ ላይ አይመከርም፤ የተቀረጹ ቁጥሮችንና ሠሪው የቀባውን ቫርኒሽ ያጠፋልና። የተቆረጠ ገመድ ቢተካም አሮጌው አይጣልም፤ ተለጥፎበት በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። መሣሪያው እንዲሠራ የሚፈልጉ አሰባሳቢዎችና እንደተገኘ እንዲቆይ በሚፈልጉ ሙዚየሞች መካከል ያለው ክርክር የቆየ ነው። ብዙዎች የሚስማሙበት መፍትሔ ብርቅ የሆነውን ሳይነኩ ማቆየትና ለሠርቶ ማሳያ ቅጂውን መሥራት ነው።

ጥንቃቄ

የቆየ መሣሪያ በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም። በቱቦ ራዲዮዎች ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች በዕድሜ ስለሚበላሹ በአጭር ዙር እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ፤ ከተነቀሉ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በጨለማ የሚያበሩ የቆዩ የሰዓትና የአውሮፕላን መለኪያ ገጾች ራዲየም ሊኖራቸው ስለሚችል መክፈትና መፋቅ አደገኛ ነው። የቆዩ ማሞቂያዎች አስቤስቶስ፣ የቆዩ ትራንስፎርመሮች መርዛማ ዘይት፣ ባሮሜትሮች ሜርኩሪ ሊይዙ ይችላሉ። የኤክስሬይ ቱቦ ለማሳያ ቢቀመጥም ኃይል አይሰጠውም።

ሕግ

በኢትዮጵያ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም ከታሪካዊና ከባህላዊ ዋጋ ጋር ሳይንሳዊ ዋጋንም ይጠቅሳል። በዚህ ትርጉም የሳይንስ መሣሪያም ቅርስ ሊሆን ይችላል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት የተከለከለ ነው፤ በመሆኑም የቆየ መሣሪያ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይኖርበታል።

የሚታዩባቸው ቦታዎች

በአዲስ አበባ የኢትዮ ቴሌኮም ሙዚየም የስልክና የቴሌግራፍ ዕቃዎችን ይዟል። በድሬዳዋ የቀድሞው የምድር ባቡር ጣቢያና ጋራዥ የፈረንሳይ ሥሪት የሆኑ የቆዩ ማሽኖችን እስከ ዛሬ አቆይቷል። መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም በዋናነት የሚያሳየው አዲስ ቴክኖሎጂን ነው። በ2003 ዓ.ም. እንደተቋቋመው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ያሉ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች የላቦራቶሪ ዕቃቸው ገና ወጣት ነው። ስለዚህ መዝገቡን ከአሁኑ ለመጀመር ከቆዩት ተቋማት የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ዛሬ ከሥራ የሚወጣው ኦሲሎስኮፕና ኮምፒውተር ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈለግ ነውና።

ይህንም ይዩ

• የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ
• አንቷን ዳባዲ
• ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ
• አያና ብሩ
• ምናለሽ ተራ